ሃፍቶም ድምፁን ዝቅ ያደረገ ጊዜ

በኪሴ፣ በአንድ ቀለበት የታሰሩ ሰባት ቁልፎች አሉ። አንዱም በር አይከፍትም። ባለቤቴ ለተብርሃን “የሌባ ዕቃ ይመስላል፤ አንድ ቀን ያስይዝሃል” ትለኛለች። እኔ ግን የሠራሁበትን ዘመን የማስታውሰው በእነሱ ነው። ሥራዬን የተውኩትም በእነሱ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

መቐለ፣ ሓወልቲ አካባቢ ከማዘወትረው ካፌ ቁጭ ስል የቀድሞ ደንበኞቼ ያገኙኛል። “ኣያ አበራ፣ ስቱዲዮውን ለምን ዘጉት? ገና ጠንካራ ነዎት እኮ” ይሉኛል፤ ኣያ ጋሼ እንደማለት ነው። “ደከመኝ” እላቸዋለሁ። ውሸቴን ነው። ዛሬም አንድ ሙሉ ባንድ አስቀምጬ፣ ማይክ ዘርግቼ፣ ቀድቼ፣ ምሳዬን በሰዓቱ መብላት እችላለሁ። መቐለ ውስጥ ድምፅ ከቀዱ ሰዎች ከማንም አላንስም ነበር፤ አንሰሃል የሚለኝ ካለ ይምጣና እንነጋገር። የተውኩት በሌላ ምክንያት ነው። እሱን ለመናገር ደግሞ ስለ አንድ ጯኺ ልጅና ስለ ለስላሳ አልበሙ መናገር አለብኝ።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። የሬዲዮ ጥገና ተምሬ በአንድ መሥሪያ ቤት የድምፅ ክፍል ስቀጠር የደረሰኝ ምድብ መቐለ ነበር። እናቴን “ሁለት ዓመት ብቻ ነው” ብዬ አጽናንቻት ወጣሁ። ሁለቱ ዓመት ሳያልቅ ለተብርሃንን አየኋት። የአንደኛ ደረጃ የሒሳብ አስተማሪ ነበረች፤ ስለ መመለስ ያነሳሁት ወሬ በዚያው ቀረ። ትግርኛዬን ዛሬም ገበያ ላይ ይስቁበታል። ደብረ ብርሃን ስሄድ ደግሞ ዘመዶቼ አማርኛዬ ከጉሮሮ መውጣት ጀምሯል ብለው ይስቁበታል። ሁለቱንም ለምጄዋለሁ።

በድምፅ ክፍሉ ውስጥ አለቃ ሳይሆኑ የክፍሉ ባለቤት የሚመስሉ አንድ ሰው ነበሩ። ኣቦይ ዘርኡ እንላቸዋለን፤ አባቴ እንደማለት ነው። ቀጭን፣ ኮፍያ ከራሳቸው የማይለይ፣ ንግግር የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ማስተማር ከተባለ። ሲሠሩ እያየሁ ነው የተማርኩት።

ጠዋት ከሁሉም ቀድመው ይገባሉ። ጥጥ በአልኮል ነክረው የቴፕ ክር የሚያልፍበትን የመቅጃውን ራስ ያብሳሉ፤ ጨርቃቸውን አራት አጥፈው ኪሳቸው ይከታሉ። ከዚያ ማንም ትንፍሽ አይልም። ባዶውን ክፍል ለአንድ ደቂቃ ይቀዱታል። “ክፍሉ እንዴት እንዳደረ ልወቅ” ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ሰውየው ትንሽ ነካ ያደርጋቸዋል ብዬ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፤ ጣሪያው የሚንቀጠቀጥበት፣ አምፖሉ የሚያዜምበት ቀን አለ። እሱን ሳታውቅ ሰው አስቀምጠህ ከቀዳህ ያንን ሁሉ አብረህ ትቀዳለህ።

ቀጥሎ ቁልፎቹን ያወጣሉ። በየማይኩ ፊት ያንቃጭሏቸዋል፣ ጆሮ ማዳመጫውን አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው። “ቁልፍ ቁልፍን ከመሰለ ማይኩ ደህና ነው። ማንኪያ ከመሰለ ታሟል” ይሉኛል። ነገሩ እውነት ነው። የቁልፍ ድምፅ እጅግ ቀጭን ድምፅ አለበት፤ ማይክ ሲያረጅ፣ ሽቦ ሲላላ፣ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው። ወፍራሙ ድምፅ ግን እንዳለ ይቀራል፤ ስለዚህ ያልጠረጠረ ሰው ምንም አይሰማውም።

ሦስተኛው ልማዳቸው የሥራው መጨረሻ ላይ ነው። የተቀዳውን ያስነሱና ድምፁን ሊጠፋ እስኪቃረብ ዝቅ ያደርጉታል። በሩን ገርበብ አድርገው ኮሪደር ላይ ይቆማሉ፣ እጃቸውን ኋላ አጣምረው። “ጮክ ሲል ሁሉም ያምራል” ነበር የሚሉት። ከኮሪደር ቆመው የተናጋሪው ቃል ካልተለየላቸው እንደገና ያስቀዱናል።

የመጀመሪያ የውጭ ሥራዬ ኩሓ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ነበር። እንግዳ ይመጣል፣ ንግግሩን ቀድተህ ና ተባልኩ። የኩሓን ነፋስ ማን ነግሮኝ። ቀድቼ መጥቼ ለኣቦይ ዘርኡ አሰማኋቸው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዝም ብለው ሰሙ። “ጥሩ ነፋስ ነው” አሉ። “ሰውየውስ የታለ?” በማግስቱ እንግዳው ሲመለስ ራሳቸው ይዘውኝ ሄዱ። ኮፍያቸውን አውልቀው ማይኩ ላይ ደፉት፤ ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ቆሙ። ያ ትልቅ ሰው ለኮፍያ ንግግር አደረገ። ቀረጻው ግን ቤት ውስጥ የተቀዳ ነበር የሚመስለው። ኣቦይ ዘርኡ ሳምንቱን ሙሉ ጉንፋን ይዟቸው ሰነበተ።

አለቆች መጥተው ሄደዋል። አንዱ ማንኛውንም ቀረጻ ሲሰማ “ጨምር” የሚል ነበር። “ድምፅ ማለት እኮ ሲሰማ ነው” ይላል። ኣቦይ ዘርኡ “እሺ” ብለው ጣታቸውን ማዞሪያው ላይ ያሳርፋሉ፤ አይነኩትም። ትንሽ ቆይቶ አለቃችን “አሁን ጥሩ ሆነ” ብሎ ይወጣል። ስለ ደመወዙ የማወራው የለኝም፤ ደመወዙም የሚወራለት አልነበረም።

ጡረታ የወጡ ቀን ቁልፎቹን በመዳፌ አስቀመጡልኝ። “የደነዘዙ ቀን መጀመሪያ ማይኩን ጠርጥር። ቀጥሎ ሽቦውን። ቀጥሎ ራስህን” አሉኝ። ሦስተኛውን ሲሉ ስቄ ነበር። የዚያን ጊዜ ጆሮዬ የሌሊት ወፍ የሚሰማ ጆሮ ነበር።

ከዚያ ቤት ወጥቼ የራሴን ስቱዲዮ የከፈትኩት ዓዲ ሓቂ ነው፣ ተማሪዎች ከሚከራዩአቸው ቤቶች መሃል። ሁለት ክፍል ተከራይቼ ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶንና በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፈንኩት። አከራዬ ካርቶኑ ሲጫን አይቶ “ዶሮ ማርባት ክልክል ነው” ብሎ መጥቶ ነበር። የሠርግ ዘፋኝ፣ ዘማሪ፣ የትምህርት ቤት ድራማ፣ ሁሉም በእጄ አልፏል። አንድ ቀን ደግሞ በረድ መጣ።

በረድ የባንዱ ስም ነው። አራት ጥቁር ካናቴራ የለበሱ ልጆች ናቸው፤ የሚጫወቱት ሃርድ ሮክ የሚባለውን ነው። መሪያቸው ሃፍቶም ይባላል፤ ጸጉሩ ትከሻው ላይ የወረደ፣ ጊታሩን ሊሰብረው የሚመታ፣ ሲዘፍን የአንገቱ ሥር የሚገታተር። የመጀመሪያው ቀን አንድ ስፒከሬን ቀደዱት። እኔ የማሲንቆ ሰው ነኝ፤ ሙዚቃው አልገባኝም ነበር። ልጆቹን ግን ወደድኳቸው። በሰዓታቸው ይመጣሉ፣ ስንት ጊዜ ድገሙ ብትላቸው አያጉረመርሙም። ከበሮውን በብርድ ልብስ አጥሬ፣ የሃፍቶምን የጊታር ማጉያ መታጠቢያ ቤት አስገብቼ በሩን ዘግቼ ቀዳኋቸው። ያን ቀረጻ ዛሬም የሚሰማው ሰው “የት አገር ነው የተሠራው?” ይላል። ሽንት ቤቴ ውስጥ ነው።

ሃፍቶም ለጓደኞቹ አንድ ቃል ነበረችው፤ “ወስኾ” ይላል፣ ጨምረው ማለቱ ነው። እናቱ ወይዘሮ ሕይወት ደግሞ ሌላ ቃል ነበረቻቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የተማሪ ዩኒፎርምና የሴት ቀሚስ ቤታቸው ውስጥ ይሰፋሉ። ገና በልጅነታቸው ነው የወለዱት፤ ከእኔ በብዙ ያንሳሉ። ልጃቸው በጓዳው ጊታር ሲለማመድ በልብስ መለኪያ እንጨታቸው ግድግዳውን እየደበደቡ “ኣትሕቶ፣ ወደይ” ይላሉ፤ ልጄ፣ ዝቅ አድርገው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት በግድግዳው ወዲያና ወዲህ የነበረው ንግግር ይኸው ነው። አንድም ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰምተውለት አያውቁም። ኩርፊያ አልነበረባቸውም፤ ጆሯቸው አልችል ብሎ ነው። ለተብርሃን ዩኒፎርም ስታሰፋ “ልጄ ደግ ነው፣ ጩኸቱ ግን ከማን እንደመጣ እንጃ” ብለዋታል።

ከዚያ ሁሉ ነገር የተዘጋበት ክፉ ጊዜ መጣ። ስለ እሱ ብዙ የሚጽፍ ሰው አለ፤ እኔ የምጽፈው ስለ ድምፅ ብቻ ነው። መብራት ጠፋ። ስቱዲዮዬ ጨለማ ክፍል ሆነ። የበረድ ልጆች እያንዳንዳቸው ወደ ዘመድ ተበተኑ። ሃፍቶም ከእናቱ ጋር ቀረ። የኤሌክትሪክ ጊታሩ ያለ መብራት እንጨት ነው። የእናቱ ስፌት ማኪና ግን በእግር የምትሠራ ስለሆነች አላቋረጠችም፤ አሮጌ ልብስ እየገለበጡ ለሰፈሩ ልጅ ይሰፉባታል። ልጁ ከተበላሸ ጊታር የናይለን ክር አግኝቶ አንዲት ተራ ጊታር አበጀ፤ ማኪናዋን እየሰማ ከእሷ ጋር መጫወት ጀመረ። ከማኪናዋ በላይ ከጮኸ እናቱ ስፌታቸው ይሳሳትባቸዋል። ስለዚህ ከእሷ በታች መጫወት ነበረበት።

ይህን የነገረኝ መብራት ተመልሶ የስቱዲዮውን አቧራ ሳራግፍ በመጣ ጊዜ ነው። ጸጉሩን ተቆርጦ ስለነበር አላወቅሁትም።

“ኣያ፣ አልበም አለኝ” አለኝ። “ብቻዬን ነው።”

“በረድስ?”

“አባርቷል” አለና ሳቀ። ከዚያ ጊታሯን ከጨርቅ ከረጢት አወጣ።

ሲዘፍን ያን ልጅ ፈለግሁት፤ የለም። የአንገቱ ሥር እንኳ አልተነሳም። ድምፁ ከታች፣ ሻካራ፣ ግን የለሰለሰ ነው። አንጀቴን በላው። በዚህ ሙያ ስኖር ብዙ ሰው ሲዘፍን አይቻለሁ፤ ዓይኔ የረጠበው በጣት የሚቆጠር ቀን ነው፣ ያ አንዱ ነበር። አሥራ አንድ ዘፈን ነው፤ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። አንዱ በክራር፣ አንዱ በአኮርዲዮን የሚወዛወዝ የሠርግ ዘፈን፣ አንዱ ያለ ምንም መሣሪያ በጭብጨባ፣ አንዱ የውኃ ወረፋ ላይ ስለተዋወቀች ልጅ፣ ሁለቱ በአማርኛ። ሦስተኛው የእናቱ የማኪና ዘፈን ነው። ከበሮ የለውም፤ ከበሮው ስፌት ማኪናዋ ናት።

“እናቴ ቀድማ ትሰማዋለች” አለኝ። “እስከ መጨረሻው ከሰማችው ይወጣል። ካልሰማችው አይወጣም፣ ኣያ። ለሌላ ሰው አልሠራሁትም።”

“ትሰማዋለች” አልኩት። “የሚቀዳው እኔ ነኝ።”

ማኪናዋን ለመቅዳት ቤታቸው ሄድን። ወይዘሮ ሕይወት አፈሩ። “እቺ ደግሞ ምን ድምፅ አላት? ለቅዳሜ የማስረክበው ልብስ አለኝ” አሉ። “እሱኑ ይስፉልን” አልኳቸው። እንደ ኣቦይ ዘርኡ ባዶውን ክፍል አንድ ደቂቃ ቀዳሁ። አንዱን ማይክ በመርገጫው በኩል፣ የቆዳ ቀበቶዋ ከምትዞርበት አጠገብ አስቀመጥኩ። ሁለተኛውን ከጠረጴዛው በታች በፎጣ ጠቅልዬ አሰርኩት፤ መርፌዋ ጨርቁን ስትወጋ የእንጨቱን ድምፅ ከሥሩ ለመያዝ ነው። ይህን የትም አልተማርኩትም፤ እዚያው የመጣልኝ ነው። ዛሬም እኮራበታለሁ።

ከዚያ ቁልፎቹን አንቃጨልኩ። ማንኪያ መሰሉኝ።

ማይኩን ቀየርኩ። ማንኪያ። ሽቦውን ቀየርኩ። ማንኪያ። ስቱዲዮ ተመልሼ ያሉኝን ማይኮች ሁሉ ሞከርኩ፤ ከአዲስ አበባም አዲስ አስመጣሁ። አዲሱም ማንኪያ ሆነ። መቼም ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ በመጨረሻ ጥፋተኛውን አገኘሁት፣ ቁልፎቹ አርጅተዋል፣ ዝገዋል አልኩ። በሎሚና በአመድ አንድ በአንድ ፈትጌ እንደ ብር አበራኋቸው። አንቃጨልኩ። ያው ናቸው። መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩባቸው። ኣቦይ ዘርኡ ሦስተኛ ያሉትን ነገር ለማስታወስ አልሞከርኩም።

ዘፈኖቹን ሳዋህድ ሁሉም ጭጋግ የለበሱ መሰሉኝ። ቀጭኑን ድምፅ ጨመርኩ። ትንሽ ብርሃን አገኙ፤ ደግሞ ጨመርኩ። ሃፍቶም አጠገቤ ነው። “አዎ፣ አሁን ተከፈተ” ይለኛል። አሥራ አምስት ዓመት የባንዱ ከበሮ የነሐስ ሰሐን ጆሮው ሥር ሲመታበት የኖረ ልጅ ነው፤ ያንን ማሰብ ነበረብኝ። ለተብርሃን ምሳ ይዛ መጣችና በሩ ላይ ቆም አለች።

“ጥርሴን ጠዘጠዘኝ” አለች።

“የሙያው ሰው አይደለሽም” አልኳት። ሰሐኑን አስቀምጣ ወጣች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሃፍቶም ጋር ወደ እናቱ ቤት ሄድን። ወይዘሮ ሕይወት ነጠላቸውን እንደለበሱ ወንበር ስበው ከስፒከሩ ፊት ተቀመጡ፤ ከልባቸው ሊሰሙ እንደመጡ ያስታውቃሉ። ሃፍቶም ከለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው እጁን የሚያደርግበት አጥቷል። የመጀመሪያው ዘፈን ጀመረ። ፊታቸውን ትንሽ ኮሶ አስመሰሉ፤ ግን ፈገግ አሉ። ሁለተኛው ላይ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፉ። ሦስተኛው የማኪናዋ ዘፈን ነው። እጃቸው ወደ ጆሯቸው ሄደ።

“ኣትሕቶ፣ ወደይ።”

ዝቅ አደረገው።

“ኣትሕቶ።”

ሊጠፋ እስኪደርስ ዝቅ አደረገው። እጃቸው ግን ከጆሯቸው አልወረደም። ወደ እኔ ዞሩ።

“እቺ የኔ ማኪና ናት? የኔ ማኪና እንዲህ አትጮኽም። መርፌዋ ተሰብሮ ነው የቀዳችኋት?” ቀጥለው የልጃቸውን ጉልበት ያዙ። “ይቅር በለኝ፣ ወደይ። ደክመህበታል፤ አውቃለሁ። ይወጋኛል።”

ሃፍቶም አጠፋው። አራተኛው ዘፈን አልተሰማም።

ያን ጊዜ አወቅሁት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ማኪናዋ አጠገብ ሠላሳ ዓመት የተቀመጠች ሴት ይህ የእሷ ድምፅ አይደለም ካለች፣ የተበላሸው ከማይኩ ወዲህ ነው። መናገር ነበረብኝ። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ እናትና ልጅ ፊት፣ ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። በመንገድ ላይ ሃፍቶም “ኣያ፣ ዝቅ ብዬም እወጋለሁ ማለት ነው። እኔ ከጩኸት ሌላ አላውቅም” ሲለኝ፣ እኔ ሽማግሌው ምን አልኩ? “እናቶች እንዲህ ናቸው” አልኩት። በሥራ ዘመኔ የተቀደደ ስፒከር፣ የተበላሸ ክር፣ ያልተቀዳ ንግግር ሁሉ ይቅርታ አለው። ለዚህች ቃል ግን እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

በአራተኛው ቀን ደወለልኝ። የበረድ ልጆችን እየሰበሰበ እንደሆነ ነገረኝ። “ያን አልበም ያጥፉት፣ ኣያ። ከእርስዎ ዘንድም እንዳይቀር” አለ። ስልኩን ዘግቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። ቁልፎቹን ይዤ ቤቴ ሄድኩ። ለተብርሃን የጎረቤት ልጆችን ደብተር ታርማለች። ቁልፎቹን ሰጥቻት ከክፍሉ ወዲያኛው ጥግ ቆምኩ።

“አንቃጭያቸው” አልኳት።

አንቃጨለች።

“ምን ይመስሉሻል?”

“ምን ይመስላሉ? ቁልፍ ናቸው።”

“ማንኪያ አይመስሉሽም?”

ቀና አለች። እስክርቢቶዋን አስቀመጠች። “አበራ፣ ይሄ ነገር አላማረኝም። አንተ ምን ትሰማለህ?”

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። ስልኬ ሲጠራ እንደማልሰማ። ቴሌቪዥኑን ሳስነሳ ጎረቤት እንደሚሰማው። ደንበኞቼም እርስ በርስ “ኣያ አበራ ጆሯቸው ደክሟል” መባባል ከጀመሩ እንደቆዩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ከሁሉም መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነበርኩ። “ለምን አልነገርሽኝም?” አልኳት። “ጥርሴን ጠዘጠዘኝ አላልኩህም?” አለችኝ።

ከዚያ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ሐኪሟ የጆሮዬን ሁኔታ በወረቀት ላይ ስላ አሳየችኝ። መስመሩ በወፍራሙ ድምፅ በኩል ደህና ይሄዳል፤ ቀጭኑ ጋ ሲደርስ ቁልቁል ይወርዳል። ሥራዬን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። የሄደው አይመለስም አለች።

ሃፍቶምን ዓዲ ሓቂ ካፌ ቀጠርኩት። ማኪያቶው ሳይመጣ ወረቀቱን ፊቱ ዘረጋሁና ሁሉንም ነገርኩት፤ ቁልፎቹን፣ ሎሚውን፣ እዚያ ቤት ዝም ማለቴን። ቁልቁል የወረደውን መስመር በጣቱ ተከተለው።

“እሑድ ዕለት ያውቁ ነበር?”

“አውቄ ነበር።”

“አራት ቀን ራሴን ስሰድብ ነበር እኮ፣ ኣያ።”

ማኪያቶው መጣ፤ ማንም አልነካውም። በኋላ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገና “እኔስ? እኔ ለምን አልሰማሁትም?” አለ። “የሐኪሟን ቢሮ አሳይሃለሁ” አልኩት። ሳይፈልግ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ለስላሳ አልበም ሊሠሩ የተቀመጡ ሁለት ደንቆሮዎች መሆናችን የገባን ያን ጊዜ ነው።

“ወደ ሌላ ባለሙያ ውሰደው፤ ቅሬታ የለኝም” አልኩት። “አለዚያ አንድ ሳምንት ስጠኝ።”

“በማን ጆሮ?”

“በባለቤቴ።”

“አንድ ሳምንት” አለ።

ለተብርሃንን ስቱዲዮ አስገብቼ ከመሃል አስቀመጥኳት። ደብተርና ቀይ እስክርቢቶ ይዛ መጣች፤ አርባ ዓመት ያስተማረች ሴት ባዶ እጇን የትም አትገባም። “የሚወጋሽ ቦታ ላይ ጣትሽን አንሺ” አልኳት። የመጀመሪያውን ዘፈን ሳስነሳ ጣቷን አንስታ ሳታወርድ ዘፈኑ አለቀ። ከአሥር ሦስት ሰጠችው። የጨመርኩትን ሁሉ መልሼ ማውጣት ጀመርኩ። በቆረጥኩ ቁጥር ጣቷን አያለሁ፤ ስታወርድ አቆማለሁ፣ ታነሳለች፣ እቆርጣለሁ። ከዚያ ድምፁን እንደ ኣቦይ ዘርኡ ዝቅ አድርጌ በሩን ገርበብ አድርጌ ኮሪደር ላይ አቆማታለሁ። “ምን አለ?” እላታለሁ፤ ግጥሙን ትነግረኛለች። ያልተለያት ቃል ካለ ተመልሰን እንገባለን። ከሷ ጋር ሠላሳ ምናምን ዓመት ኖሬ፣ ያን ሳምንት የተማርኩትን ያህል ስለ ጆሮዋ አላውቅም ነበር። ራቅ ብሎ በውኃ ልማት በኩል የሚያልፈውን መኪና ሳይቀር ከእኔ ቀድማ ትሰማለች።

የከበደኝ ሌላ ነው። ለእኔ ጆሮ ዘፈኖቹ በቆረጥኩ ቁጥር እየደበዘዙ ሄዱ፤ ብርድ ልብስ የተከናነቡ ያህል። እጄ ሳላዘው ወደ ላይ ሊጨምር ይሄዳል። ለተብርሃን “ተው” ትላለች፤ እተዋለሁ። በሙያዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ ያልሰማሁትን ነገር ጥሩ ነው ብዬ ላስረክብ ነው። ያን አልበም ሌላው ሰው እንደሚሰማው ሰምቼው አላውቅም፤ ልሰማውም አልችልም። ሰባተኛው ቀን ላይ ማኪናዋ ያለችበትን ዘፈን ሰምታ ደብተሯ ላይ ከአሥር አሥር ጻፈች። እሷ ለማንም አሥር አትሰጥም። በማግስቱ አከራዬን ጠርቼ ቤቱን እንደምለቅ ነገርኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደገና ሄድን፣ አሁን ለተብርሃንም ጭምር። ወይዘሮ ሕይወት ይህን ጊዜ ከስፒከሩ ፊት አልተቀመጡም። ማኪናቸው ጋ ተቀምጠው፣ አፋቸው ውስጥ መርፌ ቁልፎች ይዘው የአንዲት ተማሪ ቀሚስ ጠርዝ ያጥፋሉ፤ ከተወጋሁ ሥራ ይዣለሁ ብዬ አመልጣለሁ ያሉ ይመስላሉ። ሃፍቶም ድምፁን አስቀድሞ ዝቅ አድርጎ አስነሳው። እኔ አልገባሁም። በሩን ገርበብ አድርጌ ደጃፉ ላይ ቆምኩ፣ እጄን ኋላ አጣምሬ።

የመጀመሪያው ዘፈን አለቀ። ወይዘሮ ሕይወት መርፌ ቁልፎቹን ከአፋቸው አንድ በአንድ እያወጡ ጨርቁ ላይ ሰኩ። ሁለተኛው አለቀ። ሦስተኛው ላይ ማኪናዋ ስትነሳ እጃቸው ቆመ። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። ከዚያ እግራቸውን አየሁት፤ መርገጫው ላይ ነው፤ ጨርቅ ሳይኖር፣ መርፌው ወደ ላይ እንደተነሳ፣ ከዘፈኑ ጋር ቀስ ብሎ ይረግጣል። ለተብርሃንን አየኋት። ጣቷ አልተነሳም።

“እቺስ እሷ ናት” አሉ።

ዘፈኑ ልጁ ድምፁን ከማኪናዋ በታች አውርዶ እናቱን ወደሚጠራበት ቦታ ደርሷል። ወይዘሮ ሕይወት እጃቸውን አነሱ፤ ወደ ጆሯቸው መስሎኝ ነበር። ወደ ስፒከሩ ነው የዘረጉት።

“ወስኾ፣ ወደይ።”

ሃፍቶም ማዞሪያውን ይዞ ቆመ። እናቱ ፊት ለመቀነስ ወደ ግራ እንጂ ለመጨመር ወደ ቀኝ አዙሮት አያውቅም ነበር።